የወር አስቤዛ ብር ከወሩ ቀድሞ ያልቃል፤ የሚያፈሰው የት ላይ ነው?

ማጀት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን አራት ኪሎ ነው። አምስት ነን፤ ሦስት አዋቂ፣ ሁለት ልጆች (9 እና 13 ዓመት)። ለአስቤዛ በወር 18,000 ብር መድበናል። ኪራይ፣ መብራትና ትምህርት ቤት እዚህ ውስጥ የሉም፤ ሳሙናና ኦሞ ግን አሉበት።

ደሞዝ እንደወጣ 5 ሊትር ዘይት፣ 3 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ 4 ኪሎ ስኳር፣ 2 ኪሎ ተኩል ጥሬ ቡና፣ ፓስታና ሩዝ አንድ ላይ እናስገባለን። እንጀራ ጋግረው ከሚሸጡ ሴትዮ በቀን 8 እንወስዳለን፣ አንዱ 25 ብር ነው። አትክልት ከጉሊት በመደብ እንገዛለን። የጎደለውን ልጆቹ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ያመጣሉ። ወሩ 20 ሲል እጃችን ላይ ብር የለም፤ የቀረው አሥር ቀን በደብተር ነው የሚኖረው። ስጋ በወር ሁለቴ ብቻ ነው የሚገባው፤ ከዚህ በታች ምን ይቀነሳል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሚዛን ጠባቂ

እህቴ፣ መቀነሱን ለጊዜው ተይው። በጅምላ የምታስገቢው ሁሉ ልክ አለው። ዘይቱም ሽሮውም ለአምስት ሰው የተጋነነ አይደለም። ልክ የሌላቸው እንጀራው፣ የጉሊቱ አትክልትና የሱቁ ደብተር ናቸው። ብርሽ በእነሱ በኩል ነው የሚወጣው።

እዚህ ከተማ አስቤዛን በብር ብቻ መያዝ አያዋጣም። «ለአትክልት 3,000» ብለሽ ብትጽፊ ሽንኩርት ሲወደድ ያንስሻል፣ ሲረክስ ደግሞ ትርፉ ሳታዪው ይበላል። ኪሎ ጻፊ። ለአምስት ሰው አንድ ወጥ ከ400 እስከ 500 ግራም ቀይ ሽንኩርት ይፈጃል፤ በቀን አንድ ወጥ ብትሠሪ በወር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ማለት ነው። ሽሮ ለአንድ ገበታ ከ150 እስከ 200 ግራም፣ ምስር ክክ 400 ግራም፣ በርበሬ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም። ከዚህ በላይ እየገባ ካልበቃሽ ወይ እየተበላሸ ነው፣ ወይ የገዛሽው ኪሎ ሙሉ አይደለም።

መደብን በተመለከተ። የመደብ ዋጋ ቶሎ አይነቃነቅም፤ የሚነቃነቀው ቁልሉ ነው። 50 ብር የነበረው 50 ብር እንደሆነ ይቆይና አምስት ራስ የነበረው አራት ይሆናል፤ ቀጥሎ አራቱ ራሶች ራሳቸው ያንሳሉ። አፍሽ ያንኑ «የ50 ስጪኝ» ስለሚል አይታወቅሽም። ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን ግዢና ለአንድ ሳምንት ከጉሊት የመጣውን ሁሉ መዝኚ። አራት ራስ 420 ግራም ከሆነ ኪሎው 119 ብር ገባሽ ማለት ነው። ያንን ቁጥር ይዘሽ እሁድ ገበያ ሄደሽ አወዳድሪ። ጉሊት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ጎመን፣ ለዕለቱ የሚሆን አንድ ሁለት ቲማቲም ከጉሊት ነው የሚገዛው። ሽንኩርትና ድንች ግን በኪሎ።

በኪሎ ስትገዢም ሚዛኑን ፈትኚው። ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ ይዘሽ ሂጂ። ውሃው 1 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ዲጂታል ሚዛን ላይ ስታስቀምጪው ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። 1 ኪሎ ከ100 ካነበበ በየኪሎው አንድ ራስ ሽንኩርት እየቀረብሽ ነው። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ዜሮ ማለቱንም አይተሽ ነው የምታስመዝኚው። ከነጋዴ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ሌላ ጋ መሄድ ነው።

የሱቁ ደብተር ዋናው ጉዳቱ ዋጋ ሳይጠየቅ መገዛቱ ነው። ልጅ ተልኮ ሩብ ሊትር ዘይት፣ ድልህ፣ ብስኩት ያመጣል፤ ዋጋውን ሂሳብ ሲዘጋ ታገኚዋለሽ። በሩብ ሊትር የተገዛ ዘይት አራት ጊዜ ተደምሮ ከ1 ሊትር ዋጋ ይበልጣል፣ ያውም ከ5 ሊትሩ ጋር ሳናወዳድረው። አወጣጡ እንዲህ ነው፤ ባለሱቁን አነጋግሪውና ደብተሩን በአንድ ቀን ዝጉት። ያለውን ዕዳ ለሦስት ክፈይና ለሦስት ወር ደሞዝ በወጣ ቀን ከሁሉ አስቀድመሽ ስጪው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥሬ ብር ብቻ። አብዛኛው ባለሱቅ እሺ ይላል፤ የተቆረጠ ቀን ያለው ዕዳ ለሱም ይሻለዋል። በአንድ ወር ልክፈለው ካልሽ ግን የዚያ ወር አስቤዛ ይጎድልና በ15ኛው ቀን ደብተሩ እንደገና ይከፈታል። በቴሌብር እንደኪሴ መሙላትም ያው ዱቤ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት።

እጀ ሰፊ

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ሳሙናና ኦሞ ግን ከአስቤዛው ይውጡ። ከምግብ ጋር አብረው ሲያዙ የትኛው እንደጨመረ አይታወቅም። ለብቻ ትንሽ ብር መድቢላቸው።

ምጣድ

ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ትልቁ ገንዘብ እዚያ ነው። 8 ጊዜ 25 በቀን 200፣ በወር 6,000 ብር ነው። ከ18,000 ሲሶው ሄደ።

እንጀራን በቁጥር አታወዳድሪ፣ በክብደት እንጂ። የሚሸጠው እንጀራ ብዙውን ጊዜ ስስ ነው። መዝኚው። 280 ግራም ነው ብለን እንያዝ፤ 8ቱ 2 ኪሎ ከ240 ግራም ይሆናሉ። ከ1 ኪሎ ጤፍ ዱቄት ደህና ውፍረት ያለው፣ 370 ግራም ገደማ የሚመዝን 6 እንጀራ ይወጣል። ስለዚህ የቤት 6 እንጀራ ከተገዛው 8 ጋር እኩል ነው፤ በቀን 1 ኪሎ፣ በወር 30 ኪሎ ዱቄት ይበቃችኋል። ለስሌት ያህል ጤፉን ከማበጠሪያና ከማስፈጫው ጋር በኪሎ 158 ብር ብንይዘው 4,740 ብር መጣ። ልዩነቱ 1,260 ብር ነው፤ አንቺ በራስሽ ዋጋ ቀይረሽ አስቢው። ከዚህ ላይ መብራት ይቀነሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ሲሞቅ የሚፈጀውን ጨምሮ ለአንድ እንጀራ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ብትይዢ በወር 45 ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ ስለሚል ካለሽበት እርከን በላይ የሚያወጣሽ ከሆነ ትርፉ ይሳሳል። የጋጋሪ ጉልበት ደግሞ አለ። በቤት ውስጥ የሚጋግር ሰው ከሌለና ጋጋሪ መቅጠር ካለብሽ ልዩነቱ እዚያው ያልቃል፤ የሴትዮዋን መውሰድ ቀጥዪ፣ ክብደቱን ብቻ ተከታተዪ።

የምትጋግሪ ከሆነ በሳምንት ሁለቴ ጋግሪ። በየቀኑ መጋገር ምጣድ ለማሞቅ የሚሄደውን መብራት ያባዛል፤ በሳምንት አንዴ ከሆነ ደግሞ በአራተኛው አምስተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል። ትኩሱን እንጀራ በሞሶብ ላይ እየደራረቡ ወዲያው መክደን ነው ሻጋታ የሚያመጣው፤ እንፋሎቱ ይውጣለትና ይከደን። በብርድ ወራት ሊጡ ለመቡካት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ በሙቀት ሁለት ይበቃዋል። አብሲት ሳይጣል ወይም አብሲቱ በደንብ ሳይበስል የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም፤ ልጆች ይተዉታል፣ ያ ነው ብክነት። የተረፈው ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሁን። የሁለት ቀን ቁርስ ፍርፍር ከዚያ ይወጣል፤ ዳቦም ይቀንስልሻል።

ከጤፍ ጋር ሩዝ ወይም ማሽላ መቀላቀል ይቻላል፣ ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ። ማሽላ የገባበት እንጀራ በመጀመሪያው ቀን ይጣፍጣል፣ በሁለተኛው ይደርቃል። ስለዚህ ለድርቆሽ ካልሆነ በብዛት አይጋገርም። ግማሽ በግማሽ አድርገው የሚጥሉትን እያየሁ ነው፤ የተጣለ እንጀራ ውድ ነው።

ማጀት

በጣም አመሰግናለሁ። እናቴ ቤት ስላለች ጋጋሪ አለን። አንድ ኩንታል ጤፍ አንዴ ልግዛ ወይስ በኪሎ? አትክልት ተራ ወርጄ ሽንኩርት በጅምላ ባመጣስ? ደግሞ ጾምና በዓል ሲመጣ ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል፤ እሱን እንዴት ትይዙታላችሁ?

የእህል በረንዳው

ኩንታል ለአንቺ ቤት 100 ቀን ይሄዳል፤ ጥሩ ነው። ግን የኩንታሉን ብር ከአንድ ወር 18,000 ላይ ካወጣሽ የዚያ ወር ወጥ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው ወደ ዱቤ የሚመለሰው። በሩብ ኩንታል ጀምሪ፤ 25 ኪሎ 25 ቀን ይዞሻል። እንጀራ ስትገዢ ከነበረው የሚተርፈውን ለብቻ እያስቀመጥሽ ቀጥሎ ግማሽ ኩንታል፣ ከዚያ ኩንታል። ወይም ከጎረቤት ጋር ለሁለት ተካፈሉ። እቁብ ካለሽ ዕጣሽን ታህሳስና ጥር አካባቢ እንዲወጣ ተስማሚ፤ ጤፍ የሚታጨደው ከህዳር ጀምሮ ስለሆነ ከታህሳስ እስከ የካቲት ገበያው ይላላል፣ ክረምት ላይ ይጠብቃል።

ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይነካውም፤ በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ወራት ይቆያል። ስለዚህ እህሉን አስቀምጪ፣ የምታስፈጪው የወሩን ብቻ። ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ ሽታም ይገባዋል። ጥራጥሬ ግን ሌላ ነው። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ነቀዝ ይወዳቸዋል፤ ከሁለት ወር በላይ የሚሆን አታስገቢ፣ ያስገባሽውንም በፀሐይ ቀን አስጥተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ መልሺው።

ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አትዪ። ከመሀልና ከሥር ይዘገንልሽ። እፍኙን በመዳፍሽ እሺውና አራግፊው፤ አቧራና ገለባ በእጅሽ ከቀረ ሲበጠር ብዙ ኪሎ ይወርዳል። ትንሽ አኝኪበት፣ አሸዋ ጥርስ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው 1 ኪሎ ገዝቶ አስፈጭቶ ጋግሮ አይቶ ከዚያው ነጋዴ መግዛት ነው። ማኛ ለበዓልና ለእንግዳ ጥሩ፤ ለዘወትር ሰርገኛ ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ተመዝኖ ይግባ፣ ተመዝኖ ይውጣ፤ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ይቀራል፣ ኪሎዎች ግን መቅረት የለባቸውም።

በሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲመጣ ግዢ። በጀትሽን ግን በሱ ዋጋ አትሥሪው፤ በማይመጣበት ወር ትጎድያለሽ። በገበያ ዋጋ አስበሽ በሸማቾች ካገኘሽ ልዩነቱን ለበዓል አኑሪው።

ሀብታሙ_ፒያሳ

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ጊዜ በእግር ተወርዶ ይመጣ ነበር። በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ከአራት ኪሎ ለአንድ ቤት ብቻ ብሎ መሄድ አያዋጣም። በኪሎ 20 ብር ቢቀንስልሽ እንኳ ለአሥር ቀን 5 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ድንች ላይ 160 ብር ነው። የደርሶ መልስ ታክሲ፣ ለጆንያው የሚጠየቅ ሂሳብ፣ ተሸካሚ ሲደመር ምንም አይተርፍም። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ሳጥን ቲማቲም ብትካፈሉ ያዋጣል። የቲማቲም ሳጥን ከላይ ቆንጆ ቆንጆው ነው፤ ገልብጣችሁ ተካፈሉ። ካልሆነ እሁድ ገበያ፣ ወይም ቅቤና ቅመም ስትገዢ አያይዘሽ ሾላ።

ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ፣ ቆዳው የሚንኮሻኮሽ ይሁን። በክረምት የሚመጣው አንገቱ እርጥብ ስለሆነ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከአሥር ቀን በላይ የሚሆን አትግዢ። ከድንች ጋር በአንድ ቅርጫት አይቀመጥም፣ አብረው ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ድንቹ ብርሃን እንዳያገኝ፤ አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ቆርጠሽ ጣይ። በፌስታል ታስሮ የሚቀመጥ አትክልት ሁሉ ላቡን ይዞ ነው የሚሞተው።

ዘመን ቆጣሪ

የበዓሉና የጾሙ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፍ። ደሞዛችሁ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሥራው ይቀላል። ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፣ ስለዚህ የትኩስ ነገር ብርን (አትክልት፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንቁላል) ለሦስት አሥር ቀን ከፋፍዪ። 1፣ 11 እና 21 ላይ ብቻ ይወጣል። በሳምንት ከከፈልሽው ሁለት ቀን ይተርፋል፤ ያ ሁለት ቀን ነው ሁልጊዜ ቀዳዳ የሚሆነው። የ11ዱን በ8 መንካት ከጀመርሽ የትኛው ዕቃ እንዳስነካሽ ጻፊው፤ በሚቀጥለው ወር የሱ ኪሎ ነው የሚስተካከለው።

ጳጉሜን ብዙ ሰው ይረሳታል። 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ናት፣ ደሞዝ የላትም። የነሐሴ ደሞዝ 35 ቀን ይሸከምና መጨረሻው ላይ እንቁጣጣሽና የልጆች ደብተር ይቆሙበታል። ሽንኩርትም ያኔ ነው የሚወደደው። 5 ቀን የወሩ ስድስተኛ ስለሆነ በአንቺ 18,000 ሂሳብ 3,000 ብር ነው፤ ለ12 ወር ሲካፈል 250 ብር። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 250 ለይተሽ አስቀምጪ። በፈረንጅ ወር የሚከፈላችሁ ከሆነ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ ጭንቀት 31 ቀን ያላቸው ወሮች ናቸው።

ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ ሁለት ዝርዝር ያስፈልግሻል፣ የጾምና የፍስክ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ከህዳር 15 እስከ ገና፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት ሲቀሩ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ዘይት ከ5 ወደ 6 ወይም 7 ሊትር ይወጣል፣ ምስርና ቲማቲም ይጨምራል። ልጆቹ የማይጾሙ ከሆነ የእነሱ ወተትና እንቁላል አይቀነስም። ከፍስኩ የተረፈውን ብር ደግሞ «ተረፈ» ብለሽ አትብዪው፤ በጾሙ መጨረሻ የሚጠብቅሽ በዓል የሚከፈለው በሱ ነው። ረመዳን የሚጾም ቤት ካለ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ያለፈው ዓመት ዝርዝር እንዳለ አይሠራም፤ ከሽንኩርት ወቅት ጋር የሚገናኝበት ይለዋወጣል።

ለበዓል ዶሮና እንቁላል በመጨረሻው ሳምንት መወደዳቸው አይቀርም። የሚቻለው ሌላውን ማስቀደም ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይገባል። ሽንኩርቱን ቀድመሽ ገዝተሽ ቁሌቱን ሠርተሽ ፍሪዘር ብታስገቢው የዋዜማውን ዋጋ አታዪም። ቅቤም ከወር በፊት ገዝቶ ማንጠር ነው። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ከ700 እስከ 800 ግራም ይሆናል። ከዚያ በታች ከወረደ ውሃ በዝቶበታል ወይ ባዕድ ነገር አለበት። ሥጋውን በቅርጫ መግባት በኪሎ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ መደቡ አጥንትና ሆድ ዕቃ እንዳለበት አስበሽ ግን ነው። ፍሪዘር ከሌለሽ ለቋንጣ የሚሆነውን በዕለቱ ዘልዝዪው።

ማጀት

ሳሙናውን አውጥቻለሁ፣ ደብተሩንም ዛሬ እንዘጋዋለን። በርበሬ መቼና እንዴት እንደሚገዛ አልነገራችሁኝም? ቡናውስ 2 ኪሎ ተኩል በዛ?

ምጣድ

በርበሬ በዓመት አንዴ ነው የሚዘጋጀው፣ በወር አስቤዛ ውስጥ ካስገባሽው ሁልጊዜ በችርቻሮ ዋጋ ትገዢዋለሽ። ዛላው ከህዳር እስከ ጥር ይግባ፣ ደረቅ ፀሐይም ያኔ ነው። በቀን 35 ግራም ብትይዢ የዓመቱ 13 ኪሎ ገደማ ነው። ዛላው ሲቀነጠስና ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ኮረሪማው፣ አዝሙዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ጨው ደግሞ ከፊሉን ይመልሳሉ፤ ስለዚህ 14 ኪሎ ዛላ ይዘሽ ጀምሪ። ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ዛላ ካገኘሽ ገና እርጥበት አለው፤ በእጅ ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት። ሳይደርቅ የተፈጨ በርበሬ በክረምት ይሻግታል፣ ያኔ የዓመቱ ሁሉ ይሄዳል። ድብልቅ የሆነ ዝግጁ በርበሬ ከማያውቁት ሰው አይገዛም።

ሚዛን ጠባቂ

ቡናው አልበዛም። 2 ኪሎ ተኩል ለ30 ቀን በቀን 83 ግራም ነው፣ በቀን አንዴ ሦስቱንም የሚያፈላ ጀበና። ሲቆላ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ክብደት ይወርዳል፤ ተቆልቶ የተፈጨ ስትገዢ ዋጋውን ከዚህ ጋር አወዳድሪ። መቆጣጠር ከፈለግሽ የሳምንቱን አንዴ አትቁዪ፣ በስኒ ለክተሽ በየዕለቱ ቁዪ። ስኳሩ ላይ ግን ተመልከቺ፤ 4 ኪሎው የሚያልቀው ከቡናው ይልቅ በልጆቹ ሻይ ነው። የልጆቹን ከወሩ መጀመሪያ 1 ኪሎ ተኩል በሌላ ጣሳ ለይው፣ ጣሳው ሲያልቅ የትኛው እንደሚበላው በግልጽ ታዪዋለሽ።